ወገቤን ላድን ብዬ ጨጓራዬን አቃጠልኩ

ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ስነዳ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ወገቤ የጀመረኝ በሦስተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። በኋላ ቀኑን ሙሉ ሆነ። ኮብልስቶን ላይ ስገባማ እያንዳንዷን ድንጋይ በወገቤ እቆጥራታለሁ።

ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም ነበር። ከኋላ ካሉት ሌላ አንድ ትርፍ ሰው ከጎኔ እጭናለሁ። እሱ እንዲመቸው እኔ በግማሽ ቂጤ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ወገቤን አጣምሜ እነዳለሁ። የኪስ ቦርሳዬ ደግሞ ከኋላ ኪሴ ውስጥ ነው። እንዲህ ተቀምጦ ውሎ ባያመኝ ነበር የሚገርመው። ግን ትርፍ ትርፍ ነው፤ የቀኑን ቤንዚን ይሸፍናል።

ምክሩ ጎረፈ። እማዬ “ምች ነው” ብላ ዳማከሴ አሸችኝ። የሰፈሩ ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ ወገቤን አንዴ ቀጭ አደረገው። ሁለት ቀን ቀለለኝ፤ በሦስተኛው ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ተራ ላይ ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ “ዲክሎፌናክ ግዛና ተገላገል” አሉኝ። ያለ ማዘዣ ገዛሁ። ጨጓራ አለብህ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። እውነቱን ለመናገር ተአምር ነበር፤ ሕመሙ ጥፍት አለ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ኪኒኗን ግን ጠዋት ሥራ ስወጣ እውጣታለሁ። ኪኒንና አንድ ጉንጭ ውኃ ጾም አያስገድፍም ብዬ ለራሴ ፈቅጄ ነበር። በቀን አንድ የነበረው ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሦስት። ወሩ ሳይሞላ ከእንብርቴ ከፍ ብሎ ያቃጥለኝ ጀመር። ጨጓራ የማያመው ማን አለ ብዬ ተልባ እየጠጣሁ ቀጠልኩ።

አንድ ቀን ሽንት ቤት ሰገራዬን አየሁት። እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፤ እንደ ሬንጅም ይጣበቃል። ሽታው የተለየ ነው። “ኑግ ስላበዛሁ ነው” ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ የዓባይን ድልድይ እንደተሻገርኩ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ባጃጇን ዳር አስይዤ ተሳፋሪዎቹን ይቅርታ ጠየቅኩ። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። አንዲት እናት ግን አልቀበልም ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ፤ ወንድሜ እስኪመጣ አልተነሱም።

ሆስፒታል የተቀበለችኝ ወጣት ሐኪም ናት። የኑጉን ነገር ስነግራት ሳቀች፣ ቶሎ ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። “ኑግ አይደለም ወንድሜ፣ ደም ነው። ሆድ ውስጥ ሲቆይ ይጠቁራል” አለችኝ። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ሲታይ ጨጓራዬ ቆስሏል።

እኔ ጾሙን ልወቅስ ነበር። እሷ ግን አስተካከለችኝ። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ሕመም የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ያግዳሉ። ጨጓራን ከአሲድ የሚጠብቀውን ሽፋን የሚያስመርተውም የዚያው ዘመድ ነው፤ አብሮ ይታገዳል። ከምግብ ጋር መውሰድ ማቃጠሉን ቢቀንስ እንጂ ለቁስሉ ዋስትና አይደለም። እኔ ደግሞ “ካቃጠለኝ መርፌውን እወጋለሁ” እል ነበር። ለካ በመርፌም ቢገባ በደም ዞሮ እዚያው ነው የሚደርሰው። በዚያ ላይ የሰገራ ምርመራው ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አሳየ። ሁለቱ አንድ ጨጓራ ላይ ተረባርበዋል።

ዲክሎፌናኩ ቆመ። ለባክቴሪያው የ14 ቀን መድኃኒት ተሰጠኝ። አፌ ሳንቲም የላስኩ ያህል መረረኝ። በአምስተኛው ቀን ማቃጠሉ ሲተወኝ ላቋርጠው አሰብኩ። እማዬ ፍሬዎቹን እየቆጠረች አስጨረሰችኝ።

“ታዲያ ወገቤስ?” አልኳት ሐኪሟን። እግርህ ይዝላል ወይ? ጭንህ መሐል ይደነዝዝሃል? ሽንትህን መቆጣጠር አቅቶሃል? ትኩሳት አለህ? ከስተሃል? ለሁሉም የለም አልኩ። መደንዘዙና የሽንቱ ነገር ቢኖር ኖሮ ነገ የማይባልበት አስቸኳይ ነው አለችኝ። የእኔ ግን የጡንቻና የአቀማመጥ ነው። ሲብስብህ ፓራሲታሞል ውሰድ፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ እንዳያልፍ። ደግሞ ተኝተህ አትቆይ፣ ተራመድ። ይቺ የመጨረሻዋ አልተዋጠችልኝም። ወገብ ያመመው ይተኛል እንጂ ይራመዳል እንዴ?

ተራመድኩ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ከቤቴ እስከ ጊዮርጊስ። ከዚያ እየጨመርኩ አመሻሽ ላይ የጣናን ዳር ይዤ ግማሽ ሰዓት። የመጀመሪያው ሳምንት ማማረር ብቻ ነበር። በሦስተኛው ጫማዬን ቆሜ አሰርኩ። ማታ ማታ ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውኃ ሞልቼ በነጠላ ጠቅልዬ ወገቤ ላይ አደርጋለሁ። የፈላ ውኃ እንዳትሞክሩ፤ የመጀመሪያው ፕላስቲክ እጄ ላይ ተጨማዶ ውኃው ሊጠብሰኝ ነበር። ስተኛ በጎኔ ሆኜ ጉልበቶቼ መሐል ትራስ አስገባለሁ።

የኪስ ቦርሳዬ አሁን ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። በየሰዓቱ ተራ ላይ ወርጄ እንቀሳቀሳለሁ፤ ጓደኞቼ “ስፖርተኛው” ይሉኛል። ቡናውን አልተውኩም። ቁስሉን ያመጣው እሱ አይደለም ተብያለሁ፤ ባዶ ሆዴን ብቻ አልጠጣም።

ወገቤ ጨርሶ ተወኝ አልልም። ክረምት ላይ መንገዱ ሲቆፋፈር ያስታውሰኛል። ትናንት አንዱ ገበያ ዳር እጁን አወዛውዞ አስቆመኝና ከጎኔ ሊገባ እግሩን አነሳ። “ሞልቷል” አልኩት። መቀመጫውን አየና “የታል የሞላው?” አለኝ። መሀል ላይ ተመቻችቼ ተቀምጫለሁ።