ሪሚሽን ላይ ያለ ሄሪ ሴል ሉኬሚያን ኮድ ማድረግ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም የሕክምና ኮዲንግ (ሐኪም የጻፈውን ወደ በሽታ ኮድ መቀየር) የምታጠኑ ሁሉ። እኔም እዚህ አሜሪካ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ለሲፒሲ (የሕክምና ኮደርነት ማረጋገጫ) ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ሰሞኑን የደም ካንሰር ላይ ነኝ፤ ከሁሉም ልቤን የያዘው ሄሪ ሴል ሉኬሚያ ነው። ብዙ የማያጋጥም በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ዙሪያቸውን ጸጉር ያበቀሉ ስለሚመስሉ ነው። ክላድሪቢን የሚባለው መድኃኒት ብዙዎቹን ሕመምተኞች ለዓመታት ሪሚሽን ላይ (የበሽታው ምልክት በጠፋበት ወይም በቀነሰበት ሁኔታ) ያቆያቸዋል።

በበሽታ ኮዶች መጽሐፉ (ICD-10-CM) ኮዱ ሲ91.4 ነው፣ ግን እዚያ አይቆምም። መጨረሻው 0 ከሆነ ሪሚሽን ላይ አልደረሰም፣ 1 ከሆነ ደርሷል፣ 2 ከሆነ አገርሽቷል። ዜድ85.6 ደግሞ ሉኬሚያው ያለፈ ታሪክ ብቻ ለሆነበት ሰው ነው። የሚያደናግረው እዚህ ጋ ነው።

አንድ የልምምድ ፋይል ላይ ሐኪሙ «ሄሪ ሴል ሉኬሚያ፣ ክላድሪቢን ወስዷል፣ ደህና ነው፣ ከ6 ወር በኋላ ይመለስ» ብሎ አቁሟል። ሄሞግሎቢኑም ፕላትሌቱም ኖርማል ነው። እጅ ቶሎ ወደ ሲ91.41 ይሄዳል። አይቻልም! ከላቦራቶሪ ውጤት ተነስቶ ሪሚሽን ነው ብሎ መወሰን የሐኪሙ እንጂ የኮደር ሥራ አይደለም። ዝም ብለን የተጻፈውን ብቻ ይዘን ከሄድን ደግሞ መጽሐፉ ሁኔታው ያልተገለጸውን ሲ91.40 ስር ነው የሚከተው፣ ስለዚህ ምናልባት ደሙ የጸዳለት ሰው በመዝገቡም በኢንሹራንሱም ዘንድ ገና ሪሚሽን ላይ እንዳልደረሰ ሆኖ ይቀመጣል። ይሄ ያንገበግበኛል። ያን ሁሉ ሕክምና ያለፈ ሰው ቢያንስ ወረቀቱ ትክክል ሊሆንለት ይገባል።

መፍትሔው ለሐኪሙ ኩዌሪ (የማብራሪያ ጥያቄ) መላክ ነው። «ሪሚሽን ብለው ይጻፉልን» ግን አይባልም፤ መልሱን አፉ ላይ ማስቀመጥ ይሆናል። እኔ የምለማመደው እንዲህ ነው፦ ፋይሉ ላይ ያለውን ማስረጃ ከነቀኑ እጠቅሳለሁ፣ ከዚያ «የበሽታውን የአሁን ሁኔታ ቢገልጹልን፦ ሪሚሽን ላይ ያልደረሰ፣ ሪሚሽን ላይ ያለ፣ ያገረሸ፣ ያለፈ ታሪክ ብቻ፣ ሌላ፣ ወይም ለመወሰን የማይቻል» ብዬ እጠይቃለሁ።

ደግሞ ቻርት ላይ «ሉኬሚክ ሬቲኩሎኢንዶቴሊዮሲስ» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፣ የድሮ ስሙ ነው፣ እዚያው ሲ91.4 ስር ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) እየተሻገርኩ ነው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ እሱም ለሪሚሽን የራሱ ኮዶች ወጥተውለታል፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ በቅናሽ የገዛችሁ ካላችሁ ለዚህ ምዕራፍ አትመኑት። ዋልደንስትሮም (ብዙ የማያጋጥም የሊምፎማ ዓይነት) ላይ የሠራችሁት የልምምድ ፋይል ካለ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።