ከጎንደር ተነስቶ ባህር ስር መግባት፦ የዳይቪንግ ትምህርቴ እስካሁን

ዳይቪንግ ልማር ነው ስል ጎንደር ላይ ሁሉም ሰው የሚመልስልኝ አንድ ነው፣ "የት ውሃ አለና?" ልክ ናቸው እኮ። ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ዘሎ መግባትን ካልቆጠርነው እኛ ጋር ውሃ ማለት ወይ ቀሃ ነው ወይ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው፣ እሱም ሲሞላ። ግን በቃ ገባሁበት፣ ወደ ስድስት ወር ፈጀብኝ፣ አሁን ኦፕን ዋተር የሚባለው የመጀመሪያው ሰርተፊኬት እጄ ላይ ነው። እንዴት ነው እንዴት ነው እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የጀመርኩት ከዋና ነው። ዋና የምችል ይመስለኝ ነበር፣ ልጅ ሆነን ቀሃ ውስጥ የተማርነው ግን ለካ መንቦጫረቅ ነው። ኮርሱ 200 ሜትር ሳታቋርጥ ዋኝ ይላል፣ በፈለግከው ስታይል፣ ሰአት አይያዝብህም፣ ወይ ደግሞ በማስክ (የዋና መነጽር)፣ በፊን (እግር ላይ የሚደረግ መቅዘፊያ) እና በስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) 300 ሜትር። ከዛ 10 ደቂቃ ምንም ሳትይዝ ውሃ ላይ መቆየት። እዚህ አንድ ሆቴል ፑል አለ፣ በእርምጃ ስለካው 20 ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ አስር ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዋኘት አለብኝ ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሦስተኛው ላይ ጠርዙን አቅፌ ቀረሁ፣ የፑሉ ጠባቂ ልጅ መጥቶ "ጋሼ ደህና ነህ?" አለኝ፣ ሠላሳ አራት አመቴ ነው ጋሼ የተባልኩት። ከሰኔ እስከ መስከረም በየእሁዱ ሄድኩ፣ ክረምቱን ውሃው አጥንት ይሰብራል። ከዋናው ይልቅ ያ 10 ደቂቃ ነው ያስተማረኝ፣ ከውሃ ጋር መታገል ስታቆም ነው ውሃው የሚሸከምህ።

ከዛ የጤና ቅጽ አለ። አስም፣ ልብ፣ ደም ግፊት፣ ጆሮ፣ ሳይነስ እያለ ይጠይቃል፣ አንዱን አዎ ካልክ ሀኪም አይቶ ካልፈረመልህ ውሃ አያስገቡህም። እኔ ሳይነስ አለብኝ፣ እውነቱን ጻፍኩ። የሄድኩበት ሀኪም ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና "ጎንደር ባህር መጣ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ፣ ግን ጆሮዬንም አፍንጫዬንም ደረቴንም በደንብ አይቶ ፈረመ። አንዳንዱ ሁሉንም አይደለም ብሎ ሞልቶ ያልፋል አሉ፣ እንዳታደርጉት፣ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

ቲዎሪውን በስልክ ነው የጨረስኩት፣ በእንግሊዝኛ፣ መብራት ሲጠፋ እየቆመ ሲመጣ እየቀጠለ። ፓዲ የሚባለው ከ1966 ጀምሮ ያለ የስልጠና ድርጅት ነው፣ ኤስኤስአይም ሲማስም አሉ፣ ለጀማሪ ብዙ ልዩነት የለውም፣ ከየትኛው ነው ብላችሁ አትጨነቁ፣ አስተማሪው ነው ዋናው። ይሄ ሰርተፊኬት እስከ 18 ሜትር ያወርዳል፣ ከ10 አመት ጀምሮ ያለ ልጅ መማር ይችላል።

ትምህርቱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስለ ግፊት ነው፣ እና እኛ ደገኞች ይሄን ነገር ስሙን አናውቀውም እንጂ እናውቀዋለን። ሊማሊሞን ስትወርዱ ጆሯችሁ ድፍን ይላል አይደል፣ ምራቅ ስትውጡ ጧ ብሎ ይከፈታል። እሱ ነው። ልዩነቱ ሊማሊሞ ላይ በብዙ መቶ ሜትር የሚመጣው ነገር ባህር ውስጥ በአንድ ሁለት ሜትር ይመጣል። 10 ሜትር ስትወርድ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ እፍ እያልክ ጆሮህን ትከፍታለህ፣ ሳያምህ በፊት፣ በየሜትሩ። ካመመህ ረፍዷል፣ ትንሽ ከፍ ብለህ እንደገና ትሞክራለህ እንጂ በጉልበት አይሆንም።

ሁለተኛው ደግሞ ከመተማ የሚመጣ የብስኩት እሽግ ነው። ጎንደር ሲደርስ ሆዱ ተነፍቶ ሊፈነዳ ሲደርስ አይታችሁ ከሆነ ትንፋሽ ለምን እንደማይያዝ ገባችሁ ማለት ነው። 10 ሜትር ላይ የሳብከው አየር፣ ከውሃው ስትወጣ እጥፍ ይሆናል፣ ሳንባህ ደግሞ እሽግ ከሆነ የት ይሂድ? ለዛ ነው የመጀመሪያው ህግ ትንፋሽ አትያዝ የሚለው፣ መቼም፣ ለምንም።

የባህሩን ክፍል ለመማር ጅቡቲ በኅዳር መጨረሻ ሄድኩ። ከአዲስ በባቡር፣ ቪዛውን ቀድሜ ጨርሼ። እናቴ እስከ መጨረሻው አልተዋጠላትም፣ "ምን ሁነህ ነው ልጄ፣ ውሃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ" አለችኝ፣ ኦክስጂን ተሸክሜ እንደምገባ ስነግራት ይባስ ሆስፒታል የምገባ መሰላት። በነገራችን ላይ ኦክስጂን አይደለም። ታንኩ ውስጥ ያለው ይሄው የምንተነፍሰው አየር ነው፣ 21 በመቶው ኦክስጂን የቀረው ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን ነው፣ በኮምፕረሰር ተጨምቆ የገባ። ባለ 12 ሊትሩ ታንክ በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል።

የመጀመሪያው ቀን ጥልቀት የሌለው ባህር ዳርቻ ላይ ነበር። አስተማሪው እንግሊዝኛውን በፈረንሳይኛ ቅላጼ ነው የሚያወራው፣ ግማሹን በእጅ ነው የገባኝ፣ ደግነቱ ውሃ ውስጥ ሁሉም ሰው በእጅ ነው የሚያወራው። አውራ ጣት ማንሳት እዛ ጎበዝ ማለት አይደለም፣ ወደ ላይ እንውጣ ማለት ነው። እኔ በደስታ አውራ ጣቴን አንስቼ ሰውየው ይዞኝ ወጣ፣ ሁለቴ። ደህና ነኝ ማለት ከፈለጋችሁ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ገጥማችሁ ቀለበት ነው የምትሰሩት።

ከሁሉም የከበደኝ ማስኩ ነው። ማስክህን አውቀህ ውሃ ታስገባበትና እዛው ስር ሆነህ ታስወጣዋለህ። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ቀና ትላለህ፣ የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ ግንባርህ ላይ ጫን ታደርጋለህ፣ በአፍንጫህ ታስተነፍሳለህ፣ አየሩ ውሃውን በስር በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። እኔ ግን ጨዋማው ውሃ አይኔ ጋር ሲደርስ በአፍንጫዬ ሳብኩ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ሁለት ሜትር ላይ ነው ያለነው፣ ግን ያን ሰአት ሁለት ሜትር መሆኑን ማን አስታወሰ፣ ልወጣ ስነሳ አስተማሪው የቢሲዲዬን (ታንኩ የሚታሰርበት፣ አየር የሚሞላ ጃኬት ነው) ማሰሪያ ጨምድዶ ያዘኝና ሌላ እጁን አይኔ ፊት አድርጎ ተንፍስ፣ አስተንፍስ፣ እያለ በእጁ እስክረጋ ድረስ አልለቀቀኝም። ከወጣን በኋላ ደግሜ አልሞክርም ብዬ ቁጭ አልኩ። የጀልባው ረዳት ድሬዳዋ ያደገ ልጅ ነው፣ ሲያየኝ ቆይቶ "አቦ አታካብድ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ተናፈጥ በቃ!" አለኝ። ተናፈጥኩ። ሠራ። ስንት ቪዲዮ አይቼ ያልገባኝን በአንድ ቃል።

አራቱን የባህር ዳይቮች በሁለት ቀን ነው የሠራናቸው፣ በጀልባ ወጥተን፣ ሙሻ ደሴት አካባቢ፣ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ውስጥ። ስለ አሳ ብዙ አልጽፍም፣ ሁሉም ሰው ስለ አሳ ይጽፋል፣ ግን አንዱን ልንገራችሁ። ፓሮት ፊሽ የሚሉት ኮራሉን በጥርሱ እየፋቀ ነው የሚበላው፣ እና ድምፁ ይሰማል፣ ልክ ጎንህ ቁጭ ብሎ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ያለ ነው የሚመስለው። ውሃ ውስጥ ድምፅ በአየር ከሚሄደው አራት እጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን ከየት እንደመጣ መለየት አትችልም፣ ዞር ዞር ብዬ ባየው ማንም የለም፣ አሳው ደግሞ ፊት ለፊቴ። ሌላው ደግሞ ማስኩ ውስጥ ሁሉም ነገር በሲሶ ያህል ገዝፎ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ይሄን የሚያህል አሳ አየሁ የሚላችሁን ዳይቨር ቀንሳችሁ ስሙት፣ እኔንም ጨምሮ።

የአየር ነገር ደግሞ አሳፈረኝ። የደጋ ልጅ ነኝ፣ ቀጭን አየር ለምዶ ያደገ ሳንባ ነው ያለኝ፣ ባህር ጠለል ላይ አየሩ ተርፎኝ ሁለት ሰው እሰጣለሁ ብዬ ስፎክር ነበር። ከአራታችን መጀመሪያ ታንኬ ውስጥ 50 ባር ብቻ የቀረኝ እኔ ነኝ፣ ሁሌም፣ እና 50 ባር ማለት ጨዋታው አለቀ ውጣ ማለት ነው። ሳንባ አይደለም የሚወስነው፣ መረጋጋት ነው። እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ታንኩን ይጨርሳል፣ ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት ወፍራም ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ እንደ ደብተራ ዝም ብላ ተንሳፋ ግማሹን እንኳን ሳትጨርስ ትወጣለች።

አሁን ዋናው ጋር ልምጣ፣ ይሄን ለጎንደር ልጅ ማንም ጽፎ አላየሁም።

የመጨረሻውን ዳይቭ ከሰአት በኋላ ጨረስን፣ 5 ሜትር ላይ ለጥንቃቄ የሚደረገውን የሦስት ደቂቃ ማቆሚያ ቆመን ወጣን፣ ተጨባበጥን። አስተማሪው መቼ ነው የምትሄደው አለኝ። ነገ ጠዋት አልኩት። መብረር የለም፣ ብዙ ዳይቭ ካደረግክ ቢያንስ 18 ሰአት መቆየት አለብህ አለኝ። እኔም ኮራ ብዬ በባቡር ነኝ አልኩት፣ ቲዎሪውን አንብቤያለሁ እኮ። ባቡሩ የት ነው የሚወስድህ አለኝ። አዲስ አበባ፣ ከዛ ጎንደር። ጎንደር ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? 2,100 ገደማ። ሳቀና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ቤትህ አውሮፕላን ውስጥ ነው ማለት ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ጓዳ ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለህ ያህል ነው። አዲስም ጎንደርም እዛው ናቸው። ባህር ስር ስትቆይ ናይትሮጅኑ ደምህና ሥጋህ ውስጥ ይሟሟል፣ ቀስ ብለህ ከወጣህና ጊዜ ከሰጠኸው በትንፋሽህ ይወጣል፣ ግፊቱን ቶሎ ከቀነስክበት ግን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው እዛው ውስጥህ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያ ላይ ህመም፣ ሲብስ ሽባ መሆንም አለ። የ18 ሰአቱ ምክር ደግሞ ከ600 ሜትር ጀምሮ ነው የሚቆጠረው፣ ድሬዳዋ ራሷ ከ1,100 ሜትር በላይ ናት። በምን ሄድክ ብሎ ሰውነት አይጠይቅም፣ ባቡርም ይሁን አይሱዙ፣ ከፍታ ከፍታ ነው። ለንደን ወይ ካይሮ ለሚመለስ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ ስለሆነ አትብረር ብሎ ያልፋል፣ ዳገት የሚመለሰውን ሰው ብዙም አያስበውም።

ትኬቴ ተቃጠለ። የሚቀጥለውን ባቡር እስክጠብቅ የየመኖቹን የተጠበሰ አሳ እየበላሁ ሞቄ ተቀመጥኩ፣ ገንዘቡ ቆጨኝ፣ ግን ዝም አልኩ። ስለዚህ ስታቅዱ መጨረሻ ላይ አንድ ሙሉ ባዶ ቀን ጨምሩ፣ ሆቴሉንም ምግቡንም አስባችሁ።

ለምን ጣና ላይ አትማርም፣ ጎርጎራ እኮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጣና ከፍ ያለ ነው፣ ከ1,780 ሜትር በላይ፣ ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውሃ ላይ ደግሞ የጥልቀት ስሌቱ ራሱ ይቀየራል። ላዩ ላይ ያለው አየር ስለቀለለ ግፊቱ እጥፍ ለመሆን 10 ሜትር አይጠብቅም፣ 8 ሜትር ከምናምን ላይ ይደርሳል፣ ለዛ የራሱ ስልጠና አለው። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬ አለ፣ ጥልቁ ቦታ ራሱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጉማሬውን ብቻ መጥራት ይበቃኝ ነበር።

ዌል ሻርክ (ያ ግዙፉ ሻርክ) አየህ ወይ ለምትሉኝ፣ አላየሁም። ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ ነው፣ እዛው ነበርኩ፣ ሌሎች ሄደው አይተው ፎቶ አሳዩኝ፣ እኔ ማስክ እየተናፈጥኩ ነበር። ደግሞ እሱን ለማየት ሰርተፊኬት አያስፈልግም፣ በስኖርክል ነው የሚታየው፣ ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም።

ሰርተፊኬቱ ጊዜው አያልፍበትም፣ ግን ብዙ ወር ሳትገባ ከቆየህ ክለሳ ውሰድ ይላሉ። ለከርሞ ኅዳር እንደገና ልሄድ አስቤያለሁ፣ አብሮኝ የሚሄድ ካለ መኝታ እንጋራለን። እስከዛ የራሴን ማስክ ገዝቻለሁ፣ አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲመጣ መስታወቱ ላይ ስስ ቅባት ነገር ስለሚኖረው በጥርስ ሳሙና ደጋግማችሁ ካላሻችሁት ጉም ነው የምታዩት። እሁድ እሁድ ፑሉ ውስጥ ውሃ እያስገባሁበት እናፈጣለሁ፣ ጠባቂው ልጅ ደግሞ ባለፈው ጠርዙ ላይ ቆሞ አይቶ አይቶ፣ "ጋሼ፣ ጉንፋኑ እስካሁን አለቀቀህም እንዴ?"