በሩ እንቢ ያለ ዕለት

ከመጋረጃ ጀርባ ስሠራ ፋርስ የሚባለውን፣ በመደናገርና በፈጣን መግባት መውጣት የሚያስቅ የኮሜዲ ዓይነት የሚያህል አድካሚ ሥራ አላየሁም። ሐዘን ባለበት ተውኔት ተዋናይ ቢዘገይ እንባ የተናነቀው ይመስላል። ፋርስ ላይ በር ዘግይቶ ከተከፈተ ሳቁ አለቀለት። የዘርፉ ሊቅ ፈረንሳዊው ዦርዥ ፌዶ (እ.ኤ.አ. 1862–1921) የተዋንያኑን እንቅስቃሴ ሳይቀር አንድ በአንድ ይጽፍ የነበረው ወዶ አይደለም።

የኛ ተውኔት ፒያሳ ያለ አሮጌ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ነው። እናት ልጃቸውን ሊድሩ አማች ይጠብቃሉ። የመጣው ሰውዬ ግን ቤት ገዢ ነው፤ እሱ ስለ ቤቷ ሲጠይቅ እሳቸው ስለ ልጃቸው ይመልሳሉ።

«ቆየት ብላለች፤ ክረምት ላይ አታፈስም?»

«ጉንፋን ሲይዛት ካልሆነ በጭራሽ!»

እዚህ ጋ አዳራሹ ሁሌም ይናወጣል። እውነተኛው አማች ደግሞ ግቢው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተደብቋል።

አንድ ምሽት ገዢው ጓዳውን አይቶ ሲመለስ በሩ እንቢ አለ። «አሮጌው» በር ለካ ከእንጨት የተሠራ አዲስ በር ነው፤ የክረምቱ እርጥበት አሳብጦታል። ገዢውን የሚጫወተው ልጅ ሲገፋ ድንጋይ የተባለው የጨርቅ ግድግዳ ይወዛወዛል። እኔ ከኋላ ግድግዳውን በትከሻዬ ደግፌ ላብ በላብ ሆኛለሁ። እናቲቱን የምትጫወተው አንጋፋ ተዋናይ ዘወር እንኳ ሳትል፣ «ልጄ፣ ይሄ በር ባለቤቶቹንም አስቸግሯል፤ በመስኮት ና!» አለች። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ልጁ አዘጋጁን «ጋሼ፣ ይቺን እንያዛት» ብሎ ለመነ። እሳቸውም «እስቲ እንያት» አሉ። በሚቀጥለው ትርዒት ሆን ብሎ በመስኮት ገባ። ዝም! እንዲያውም ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት «አማቹን እንዴት አላየውም?» ሲሉ ተሰማ። ልክ ናቸው። ሁለቱ እንዳይገናኙ ነው ሙሉ ተውኔቱ የሚሯሯጠው፤ በመስኮት የገባ ሰው አማቹን ረግጦት ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያው ቀን ሰዉ የሳቀው በልጁ ጭንቀት ነበር። እሱን ደግሞ በልምምድ ማምጣት አይቻልም።

አዘጋጁ አልተቆጡም። አናጢውን ጠርተው በሩን በመላጊያ አስላጩት፣ ማጠፊያውን ዘይት አስቀቡት፣ ከግድግዳው ኋላ ተጨማሪ ድጋፍ አስመቱ። ልጁን ግን «አንተ ጉንፋኗ ላይ አትቸኩል፤ እናትየው መልሳ ሳትጨርስ ጓዳ እየገባህ ነው» አሉት። ሳቁ የሚባክነው ለካ እዚያ ጋ ነበር።