ከአጥሩ ወዲያ

እናቴ ጎረቤቴ ናት ማለት ይቻላል። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ እሷ ከአጥሩ ወዲያ ካለው ሰፈር። ከአራተኛ ፎቅ መስኮቴ ላይ ሆኜ ያሰጣችውን በርበሬ አያለሁ። እሷ ጋ ለመድረስ ግን በግቢው ዋና በር ወጥቼ፣ አስፋልቱን ይዤ ዞሬ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ እሄዳለሁ። ባለፈው ሽሮ በአጥሩ ቀዳዳ ስታቀብለኝ ፌስታሉን ሽቦው ቀደደውና ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ያደግሁት መርካቶ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ቀጥ ቀጥ አድርጎ የነደፋቸው መንገዶች እርስ በርስ ስለሚገናኙ፣ አንዱ በጭነት መኪና ቢዘጋ በሌላው ትሾልካለህ። እዚህ ግን ሁሉም መንገድ የሚወጣው ወደ አንዱ አስፋልት ነው። ለዚህ ነው ጠዋት ሚኒባሱም፣ አውቶቡሱም፣ የውሃ ቦቴውም እዚያው ተገትረው የሚያረፍዱት። አዲስ አበባ በኮዬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአራብሳ በኩል እርሻውን እየበላች ሰፋች፤ ሰፈር ከሰፈር ግን አልተገናኘም። ቤት ማግኘታችን ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን መንገዱ ከቤቱ ጋር አብሮ ካልታሰበ፣ በኋላ የሰው ቤት ሳያፈርሱ ማውጣት ይከብዳል።

በዚያ አጥር ላይ አንዲት የእግረኛ በር እንድትከፈት ፊርማ እያሰባሰብን ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ለፋሲካ በዚያች በር እንድትመጣልኝ እፈልጋለሁ።