ዳገቱን በጠዋት፦ ከኮምቦልቻ በሳይክል

የደሴ ልጆች ሲሰሙ ይናደዳሉ እንጂ ለሳይክል ነጂ ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ መኖር ይሻላል። ደሴን ጠልቼ አይደለም። ብርዷን ግን አልወደውም፣ እሱን አልደብቅም። ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነው። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት። በመሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ የሚነሳ ሰው ጠዋት እየሳቀ ቁልቁል ይወርድና ሲመለስ፣ ጉልበቱ ባለቀበትና ፀሐይዋ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት፣ በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ይጋፈጣል። እኛ ግን ዳገቱን በማለዳ ቁርስ ሳይበርድልን እንጨርሰዋለን። ወደ ቤት የምንመለሰው በፍሬን ነው።

ስለዚህ አዲስ ሳይክል የገዛ ሰው የትኛውን መስመር ልሞክር ብሎ ሲጠይቀኝ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አልነግረውም። መጀመሪያ የምጠይቀው መመለሻህ ዳገት ነው ቁልቁለት የሚለውን ነው። እዚህ አገር 50 ኪሎ ሜትር ሁሉ አንድ አይደለም።

ከሐረጎ እንጀምር። በቁጥር ብቻ ካያችሁት ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው ዳገት በአማካይ 3 በመቶ እንኳን አይሞላም። ይሄማ ምን አላት ያሰኛል። አማካይ ግን ያታልላል። ዳገቱ በመንገዱ ላይ እኩል አልተከፋፈለም፣ ሐረጎ ኩርባዎች ጋ ነው የተጠራቀመው። አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ስትሉ ከበላዩ ሌላው ይታያል፣ ከእሱም በላይ አንድ አይሱዙ እያቃሰተ ሲወጣ ይታያል፣ ያኔ ገና እንደሆናችሁ ይገባችኋል። የመንገዱን መሠረት የጣለው ጣልያን ነው፣ በወረራው ጊዜ አዲስ አበባን ከአስመራ ሊያገናኝ። የዚያን ዘመን ካሚዮን እንዲወጣው ታስቦ የተቀየሰ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ድንገት ቀጥ ብሎ አይገድላችሁም፣ ቀስ እያለ ነው የሚጨርሳችሁ። ቀላል ማርሽ ካላችሁ ሳታፍሩ ገና ከሥሩ ጀምራችሁ አስገቡት። የኋላው ትልቁ ማርሽ 28 ወይም 32 ጥርስ የሆነ ሳይክል እዚህ ቅንጦት አይደለም።

መንገድ ዳር የሚቀመጡ አባቶች አሉ። ሲያዩዋችሁ «አብሽር ልጄ፣ ደርሰሃል!» ይላሉ። አልደረሳችሁም። ግን ያቺ አብሽር እስከሚቀጥለው ኩርባ ታደርሳለች። ልጆቹ ደግሞ ሌላ ናቸው፤ ከጎን ሆነው በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ይቀድማሉ።

የሐረጎ ዋናው ችግር ዳገቱ አይደለም፣ መኪናው ነው። የጅቡቲ ጭነት በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም እዚሁ ይገናኛል፣ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሁሉ በዚህ ጠባብ ጥምዝምዝ ያልፋል። የተጫነ ተሳቢ ሲወጣ ፍጥነቱ ከእናንተ ብዙም አይበልጥም፤ ጭሱን እየጠጣችሁ አብራችሁ ትወጣላችሁ። ቆም በሉና አሳልፉት። ጎረምሶች የኋላውን ብረት ይዘው ሲጎተቱ ታያላችሁ። እባካችሁ አትሞክሩት። አንድ ጉድጓድ ይበቃል።

ቁልቁል ስትመለሱ ደግሞ የጋለ ፍሬን የሚሸት መኪና ከፊታችሁ ካለ ርቀት ስጡት፣ ከኋላችሁ ከሆነ ወርዳችሁ መንገዱን ልቀቁለት። የራሳችሁንም ፍሬን ሳታዩ አትውረዱ። ደግሞ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ጨምድዶ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ ከኩርባው በፊት ጠበቅ፣ ኩርባው ውስጥ ለቀቅ ነው ዘዴው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ አሥር ሜትር የማይታይበት ጊዜ አለ። ከተራራው የሚንሸራተት ጭቃና ጠጠርም አስፋልቱ ላይ ይተኛል። በእንደዚህ ያለ ቀን እኔ አልወጣም፣ ሻይ እጠጣለሁ።

ብርዱን ረስቼው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ ኮምቦልቻና ደሴ መሃል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ሲያወሩት ትንሽ ነው። በላብ ርሳችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ግን ደረት ይገባል። ደሴ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ፈልጋችሁ ከሸሚዙ ሥር ደረታችሁ ላይ አድርጉ። የድሮ የአውሮፓ ተወዳዳሪዎችም ይሄንኑ ነበር የሚያደርጉት፤ ጃኬት ለማይይዝ ሰው እስካሁን ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ቦርከና። ወንዙ ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች ይነሳል፣ ደሴን ያቋርጣል፣ በገደሉ ወርዶ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይደርሳል። አዋሽ ያለው በምሥራቅ ነው፣ ቦርከና ግን ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። በምሥራቅ በኩል ያለው ሸንተረር አያሳልፈውማ። ሸለቆው ራሱ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ መሬቱ ወደ ታች ሰርጎ የቀረበት ቦታ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ተራራ ነው፣ ወንዙም መውጫ እስኪያገኝ በሐርቡና በጨፋ ይዞራል። ለእኛ ለሳይክል ሰዎች ይሄ ትልቅ ሲሳይ ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ፣ የምትወርዱት ግን 400 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። በዚህ አገር ይሄ ሜዳ ይባላል።

ይሄ መስመር መመለሻው ዳገት ነው፣ ስለዚህ እላይ ያወራሁትን ያፈርስብኛል። ግን ዳገቱ ቀስ ያለ ስለሆነ አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። የሚገድለው ሙቀቱ ነው። ጎህ ሲቀድ ውጡና ረፋድ ላይ ለመመለስ ሞክሩ። ጨፋ አካባቢ በበጋ ሌላው ቦታ ሲደርቅ ሣሩ ስለማይጠፋ ከብቱ ከሩቅ ሁሉ ይመጣል፣ የአፋሩም የኦሮሞውም የአርጎባውም። ከብት አስፋልት ሲያቋርጥ ደወል አትደውሉ፣ አትጩሁ። ከእረኛው ጋር ሰላም ተባብላችሁ ጠብቁ። አንድ በሬ ደንግጦ ከዞረ እናንተ ናችሁ የምትጎዱት።

ያሳዝነኛል እንጂ ወንዙን አትንኩት እላለሁ። የሁለቱ ከተሞች ቆሻሻና የፋብሪካው ፍሳሽ እየገባበት ነው። አንዳንድ ቦታ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል። ውሃ ከቤት ያዙ።

የባቲ መንገድ ለብቻው ነው። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በደጋን በኩል። ባቲ 1,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች መጨረሻው መውረድ ነው፣ መመለሻው ደግሞ በቀትር የሚያቃጥል መውጣት። ለዚህ መስመር ያለኝ ምክር አጭር ነው፤ ሄዳችሁ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጭናችሁ ተመለሱ። ምንም ነውር የለውም። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ገበያውን ለማየት ከሆነ ሂዱ፣ መንዳት ከሆነ ፍላጎታችሁ ግን ሌላ ቀን ምረጡ፤ ሰኞ መንገዱ የሰው፣ የአህያና የግመል ነው። በነገራችን ላይ ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው በዚሁ በእኛ አካባቢ ነው ያለው። አንዱ ከኮምቦልቻ በምሥራቅ፣ አንዱ ከሐይቅ በላይ። ዳገት ላይ ስወጣ ባቲን አንጎራጉራለሁ። ትንፋሽ ካጣሁ ትዝታ ላይ እወድቃለሁ።

ለደሴ ልጆች አንድ ነገር ልተው፤ ሐይቅ የእነሱ ነው። በቦሩ ሜዳ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐይቁ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝቷል፣ የተጠበሰ ዓሣም አለ። እስጢፋኖስ ገዳምን ማየት የፈለጋችሁ ሴቶች ግን ወደ ውስጥ እንደማትገቡ እወቁ። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐይቅ ደርሶ በቀኑ መመለስ ግን ሐረጎን ጠዋት፣ የሐይቅን ዳገት ከሰዓት ማለት ነው። የሚችል ይሞክር፣ እኔ ደሴ አድራለሁ።

አንዳንዴ ይሄን ሁሉ ዳገት ይዘን ምን እየሠራን ነው እላለሁ። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው። በ2008 ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። መቀሌ ዳገት ካላት እኛም አለን። ሐረጎ ላይ ከእኔ ጎን በባዶ እግሩ እየሮጠ የሚቀድመኝን ልጅ ሳይክል ላይ ማየት እፈልጋለሁ።

ለመውጣት ያሰባችሁ፣ ሁለት ካላማዳሪያና ፖምፓ ያዙ። ከተማ ውስጥ ጎሚስታ ሞልቷል፣ ግን የሚሠራው ለመኪናና ለባጃጅ ነው፤ ለቀጭን ጎማ የሚሆን አያገኙላችሁም። ብቻችሁን አትሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው መናኸሪያ ጎራ በሉና ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ሹፌር መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ሹፌር አይዋሽም፣ ሌላው ሁሉ «ምንም የለም» ነው የሚለው። እሁድ የምወጣው 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ከሐረጎ ሥር። ከደሴ የምትመጡ ካላችሁ ውረዱና አብረን እንውጣ፤ ቤታችሁም እዚያው ላይ ነው።