ሆደ ባሻ እና ፈሪ ለየቅል ናቸው

ልጅ ሆኜ ሰፈሩ በሙሉ "ይቺ ልጅ ሆደ ባሻ ናት" ይለኝ ነበር፣ እማዬ ክፍለ ሀገር ከሄደች እስክትመለስ ምግብ አይወርድልኝም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ መስላኝ እሮጣለሁ። ግን ፈሪ አልነበርኩም፣ ማታ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ሱቅ እላክ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የኔ ተቃራኒ፣ ማን ሄደ ማን መጣ ግድ የለውም፣ መብራት ሲጠፋ ግን እኔን ይጠራል። አንድ እናት አንድ ቤት እኮ ነው ያሳደገን!

ያክ ፓንክሴፕ የሚባል ተመራማሪ ስራ ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። በ1943 ኢስቶኒያ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው፣ በ2017 ነው ያረፈው። እሱ እንደሚለው እኛም ሌሎች አጥቢ እንስሳትም አንጎላችን ስር ሰባት መሰረታዊ የስሜት መስመሮች ይዘን ነው የምንወለደው፣ ጉጉት፣ ንዴት፣ ፍርሃት፣ ፍትወት፣ መንከባከብ፣ የመለየት ሀዘን፣ ጨዋታ። የላይኛው የአንጎል ሽፋን ማለትም ኮርቴክሳቸው ገና በህፃንነታቸው የወጣላቸው አይጦች እንኳን መጫወት አይተዉም፣ ስለዚህ ጨዋታ ከታች ነው የሚመነጨው ማለት ነው። አይጦች ሲኮረኮሩም የኛ ጆሮ የማይሰማው በ50 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሆነ የደስታ ድምፅ ያወጣሉ።

እኔን የነካኝ ግን የጫጩቶቹ ነገር ነው። ከእናትና ከጓደኞቻቸው የተለዩ ጫጩቶች እየጮሁ ይጣራሉ አይደል፣ በጣም ትንሽ ሞርፊን ሲሰጣቸው ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ቡችሎችም እንደዛው። የህመም ማስታገሻ ናፍቆትን አስታገሰ ማለት እኮ ነው! እኛ "ሆድ ባሰኝ" የምንለው ነገር ሰውነታችን ህመምን ከሚያበርድበት ኬሚስትሪ ጋር የተያያዘ ነው፣ ማስመሰልም መሞላቀቅም አይደለም።

በ2003 ፓንክሴፕ ከባልደረቦቹ ጋር በነዚህ ስሜቶች ላይ የተመሰረተ የባህርይ መጠይቅ አወጣ፣ ፍትወትን ግን ሰው በግልፅ አይመልስም ብለው ትተውታል። ብዙ ጊዜ የመጫወት ስሜቱ ከፍ ያለ ሰው ተግባቢ ይሆናል፣ ጉጉቱ የበዛ ለአዲስ ነገር ክፍት ይሆናል፣ እያለ ይቀጥላል። ፍርሃት፣ ንዴትና ሀዘን ግን በተለመደው የስነልቦና መለኪያ ሶስቱም ኒውሮቲሲዝም (ቶሎ በመጥፎ ስሜት የመያዝ ዝንባሌ) የሚባል አንድ ቋት ውስጥ ነው የሚገቡት። አማርኛችን ግን ፈሪ፣ ቁጡ፣ ሆደ ባሻ ብሎ ከጥንት ጀምሮ ለያይቷቸዋል፣ እኔ በዚህ በጣም ነው የምኮራው። በርግጥ እንደ ሊሳ ፌልድማን ባሬት ያሉ ተመራማሪዎች ስሜት እንዲህ ተሰርቶ አይመጣም፣ አንጎል ከልምድ እየገነባ ነው የሚያመጣው ብለው ይከራከራሉ፣ አስተዳደግም ትልቅ ቦታ አለው፣ ግን እኔንና ወንድሜን ሳስብ ወደ ፓንክሴፕ አደላለሁ።

በቀደም እማዬን ቦሌ ሸኝተን ስንመለስ እንደልማዴ አለቀስኩ፣ መኪና ውስጥ ስለ ጫጩቶቹ ለወንድሜ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሰምቶኝ "የኔ የጨለማውስ?" አለኝ። ያ ሌላ መስመር ነው፣ አሚግዳላ ከሚባል የአንጎል ክፍል ነው የሚነሳው አልኩት፣ ቤት እስክንደርስ ስለሱ እያወራን ሄድን።