አምስት ቮልዩም፣ አንድ አምባሰል

ደሴ ዛሬም ጉሟን ለብሳ አደረች። ከመስኮቴ የጦሳ ተራራ አይታይም። መብራት ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም፤ እኔ ግን የምሠራው በባትሪ ስለሆነ ግድ አልሰጠኝም። ጠረጴዛዬ ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የቆረጥኩት ፓኔል ተቀምጧል። አምስት ቮልዩም፣ ማለትም እንደ ሬዲዮ ድምፅ መቀነሻ የሚዞሩ ቁልፎች፣ ተደርድረውበታል።

ሞጁላር ሲንተሳይዘር ማለት ድምፅ የሚፈጥረውን መሣሪያ በታትኖ እያንዳንዱን ሥራ ሞጁል በሚባል ክፍል ለብቻው መሥራት ነው። አንዱ ድምፅ ያወጣል፣ አንዱ ምት ይሰጣል፣ አንዱ ይቀንሳል። በሽቦ የምታገናኛቸው አንተ ነህ። ሮበርት ሙግና ዶን ቡክላ አሜሪካ ውስጥ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀመሩት። ዛሬ ብዙ ሰው የሚሠራበትን መጠን ደግሞ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ አመጣው። የፓኔሉ ቁመት 128.5 ሚሊሜትር ነው። እኔም ቆርቆሮዬን በዚሁ ልክ ቆረጥኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ከጎኑ የምገጥመው የተገዛ ሞጁል የለኝም።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ባለ 100 ኪሎ ኦም ቮልዩምና ሁለት ጃክ (የሽቦ መሰኪያ) ብቻ ነበር። ባትሪ እንኳ አይፈልግም። የገባውን ቀንሶ ያወጣል፣ አለቀ። እስካሁን አብዝቼ የምጠቀመው ግን እሱን ነው።

የዚህ ሳምንቱ፣ አምስት ድምፅ ተራ በተራ የሚያሰማው፣ ግን አሠቃየኝ። ምቱን የሚሰጠው 40106 የሚባል አይሲ (ባለ ብዙ እግር ትንሽ ቺፕ) ነው። በውስጡ ስድስት በሮች አሉት፤ ለአንዱ ሪዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ) እና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክን የሚያጠራቅም) ከሰጠኸው ራሱ ይመታል። ምቱን 4017 የሚባል ሌላ አይሲ ይቀበልና አሥር መውጫዎቹን ተራ በተራ ያበራል። ቅኝታችን ግን አምስት ድምፅ ነው። ስለዚህ ስድስተኛውን መውጫ፣ ማለትም 1ኛውን እግር፣ ቆጠራውን ወደሚመልሰው 15ኛው እግር መለስኩት። እዚያ ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አምስቱ መውጫዎች በየቮልዩማቸውና በየዳዮዳቸው (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው) አልፈው 555 አይሲ 5ኛ እግር ላይ ይገናኛሉ። ድምፁ የሚወጣው ከ555 ነው፤ ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታኋት ስፒከር ታሰማዋለች።

መጀመሪያ ሳበራው አበደ። እጄን ሳስጠጋ ይዘላል፣ ሳርቅ ይቆማል። እማዬ ከበሩ ላይ ሆና አየችና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጅን አለበት» አለች። ጅን አልነበረም። 15ኛውን እግር የበየድኩት መስሎኝ ነበር እንጂ ሽቦው አልያዘም፤ እግሩ አየር ላይ ቀርቷል። እንዲህ ዓይነት አይሲ እግሩ ባዶ ከቀረ የእጅን ኤሌክትሪክ ሳይቀር ይሰማል። እማዬን ግን አላሳመንኳትም።

ቀጥሎ መቃኘት መጣ። በደንብ የተሠራ ሞጁል ላይ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ከፍ ያለ አቻው) 1 ቮልት ነው፤ ግማሽ ድምፅ 83 ሚሊቮልት አካባቢ ይሆናል። የእኔ 555 ይህን ሕግ አያውቅም። ያለው ጆሮ ብቻ ነው። ጆሮ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ያላቸው ጋሼ ናቸው፤ ክራር ይጫወታሉ። ቅኝቱን አምባሰል ላድርገው አልኩ። ከሐይቅ ወዲያ ያለ የራሳችን አገር ስም ስለሆነ ያሳፍረኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ተጣብቃ ነው የምትሄደው። ከዚያ ትዘላለህ። አንተ እየተራመድክ ነው» አሉኝ።

አስተካከልኩ።

«ሦስተኛዋ ከፍ ብላለች፤ አውርዳት።»

ቮልዩሙን ወደ ላይ አዞርኩ።

«አውርዳት እኮ ነው ያልኩህ! ወዴት ነው የምታዞረው?»

«ጋሼ፣ ይሄኛው ግልባጭ ነው። ቮልቱ ሲጨምር ድምፁ ይወፍራል።»

«ወይ ጉድ» ብለው ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ቮልዩሞቹን ገልብጬ የበየድኳቸው መስሎኝ ስፈታ ስገጥም ነበር። 555 ጠባዩ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አምባሰል ሆነ። ሸካራ ነው፣ እንደ ጥንዚዛ ይጮኻል፣ ግን አምባሰል ነው።

ዛሬ ጠዋት አልነበረም። ሌሊቱን ሳላጠፋው አድሬ ዘጠኝ ቮልቱ ባትሪ ደክሟል። ባትሪው ሲወርድ ዳዮዱ የሚበላው ቮልት ከባትሪው ጋር እኩል አይቀንስም፤ አምስቱ ድምፆች እኩል ቢወርዱ ምንም አልነበረም፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ሄዱ እንጂ። ተናድጄ ለጋሼ ነገርኳቸው።

«አብሽር። የእኔዋም ብርድ ሲነካት ትፈታለች። አንድ ጊዜ ቃኝቼ የማስቀምጣት መስሎህ ነው?» አሉ።

አዲስ ባትሪ ገጠምኩ። ጋሼ ዱካ ስበው ተቀመጡና ሦስተኛዋን ቮልዩም በራሳቸው ጣት ያዙ። ከፍ ብላ ነበር። ሳልነግራቸው ወደ ላይ አዞሯት።